ምሳውን ቤቱ የሚበላ ሰው

አባቴ የተቀበረ ቀን ሙሾ አውራጇ «የዋልያው ጠባቂ፣ ባለጠመንጃው ደርበው» እያለች ሰዉን አስለቀሰች። ስድስት ዓመት የያዘውን ጠመንጃ ስትደጋግመው ዋለች፤ ሃያ አራት ዓመት የወረወረውን መወርወሪያ አንዴ እንኳ አላነሳችም። ከቦ ከሚያለቅሰው ሰው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አባቴ የሸመነውን ጋቢ ለብሶ ነበር። እኔ ልጁ ደብረወርቅ ያን ዕለት ከሐዘኔ ንዴቴ በለጠብኝ። ለሟች ክብር መስሏት ነው፣ ክፋት የላትም፤ ቢሆንም አልተዋጠልኝም። እሷ የዘለለችውን እኔ እጽፈዋለሁ።

አባቴ የአምባራስ ገበሬ ልጅ ነው። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ የፓርክ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረና ካኪ ልብስና ጠመንጃ ተሰጠው። በሰሜን አገር ጠመንጃ የያዘ ወንድ ሌላ ነገር ባይኖረውም አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። የእናቴ እናት እሜቴ ወርቄ ከዳባት የካህናት ቤተሰብ ናቸው፤ ለገበሬ የዳሯት ልጃቸው የባለጠመንጃ ሚስት ስትሆንላቸው በሰንበቴው ሁሉ ሲያወሩት ኖሩ።

ቤታችን ደባርቅ ከገበያው ጀርባ ነበር፤ የእሱ ሥራ ግን ፓርኩ ውስጥ፣ ተራራው ላይ ጊች። ከወሩ ሦስቱን ሳምንት እላይ ያድራል፣ አንዱን ሳምንት ይወርዳል። ሥራውን የሚጠይቀው ሰው ሲገጥመው «ዋልያ እንዳይገደል፣ ከብት እንዳይገባ እጠብቃለሁ። ጊዜ ሲተርፈኝ ቤቴ በእንግድነት እሄዳለሁ» ይል ነበር። ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። ታናሽ እህቴ ስጦታ አባቴ በመጣ ቁጥር እናቴ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች፤ ሰውየውን መልመድ ስትጀምር ሳምንቱ ያልቃል። ከዘመድም አጣልቶታል፤ የአጎቱን ልጅ ከብቶች ከፓርኩ ያባረረ ጊዜ አምባራስ ላይ ጤና ይስጥልኝ የሚለው ሰው ጠፋ።

በሐምሌ 1970 እናቴ አበባየሁ ትኩሳት ያዛትና በአራተኛው ቀን ሞተች። ክረምት ነው፤ ዝናቡና ጉሙ መንገዱን ይዞታል። መልክተኛው ጊች እስኪደርስ፣ አባቴም እስኪወርድ እናቴ ከተቀበረች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። አባቴ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። ስጦታ አየችውና እንደ ልማዷ ልትደበቅ ዞረች። የምትደበቅበት ቀሚስ አልነበረም። መሀል ቤቱ ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ ስትል አባቴ አያት፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ለአርባዋ እሜቴ ወርቄ ከዳባት መጡ። ተዝካሩ ከተበላ በኋላ፣ እንግዳው ሲሳሳ፣ ነገሩን ቆርጠው ተናገሩ።

«ስጦታን እኔ እወስዳለሁ። ደብረወርቅ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ትሂድ። ወንድ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።»

«አልለያያቸውም» አለ አባቴ።

«እና ማን ሊያያቸው ነው? ዋልያው?»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በእኛ ቤት ደርሶ ነበር፤ የሌላውን ግልገል ሲጠብቅ የራሱን የሚጠብቅለት አልነበረም። አባቴ «እስከ ኅዳር ሚካኤል ጊዜ ይስጡኝ። ቤቴ የሚያውለኝ ሥራ ካላገኘሁ ያን ጊዜ ይውሰዷቸው» አለ።

«ኅዳር ሚካኤል በቅሎ አስጭኜ እመጣለሁ» አሉ እሜቴ። ያሉትን የማያደርጉ ሴት አልነበሩም።

አባቴ ከሥራ ፈቃድ ወሰደና ደባርቅን ይዞር ጀመር። ያገኘውን ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሥራህ ምንድን ነው፣ ስንት ሰዓት ትገባለህ፣ ምሳህን የት ትበላለህ። እኔ ስጦታን አዝዬ እከተለዋለሁ፤ የምንቀመጥበት ቤት አልነበረማ።

የጭነት መኪና ረዳቱ ጎማ እያጠበቀ መለሰለት። «ከጎንደር ሽሬ እመላለሳለሁ። ሊማሊሞን ስወርድ እጸልያለሁ፣ ስወጣ አመሰግናለሁ። ምሳዬን መኪናው በቆመበት ነው። የመጨረሻ ልጄን ስም አትጠይቀኝ፣ ገና አልያዝኩትም።»

ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ጆሮው ከማሽኑ ጋር ሄዷል። አባቴ ሦስት ጊዜ ጮኸለት። «ምሳ? ዱቄት እየዋጥኩ ነው የምውለው!» ብሎ ጮኸ እሱም፣ እኛ የደነቆርን ይመስል።

የመጋዘኑ ዘበኛ ደግሞ ሳቀ። «እኔ ቀን ቤቴ ነኝ፣ ግን እተኛለሁ። ልጆቼ አባታቸውን የሚያውቁት በማንኮራፋቱ ነው።»

አባቴ ዞር እያለ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይህም ምሳውን ቤቱ አይበላም።» እኔ በበኩሌ ይህ የምሳ ነገር ምን እንዳደረገው አይገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል። ጠዋትና ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ነኝ ይላል፤ ምሳውን ከልጆቹ ጋር የሚበላ አባት ግን በእውነት ቤቱ ያለ አባት ነው።

እናቴ ስትሞት ፈትላ የጨረሰችው ሁለት እንቅብ ልቃቂት ቀርቶ ነበር። ለእኔና ለስጦታ ጋቢ ሊሆን የታሰበ ነው። አባቴ ይህንኑ ሊያሠራ ከከተማው ዳር ወዳለው ሸማኔ፣ ወደ አያ አደም ቤት ወሰደን። አያ አደም እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው፣ መርገጫውን እየረገጡ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይወረውራሉ። አንዱ ልጃቸው ክር በቀሰም ላይ ያጠነጥናል፤ ትንሿ ከኋላቸው ባዘቶ ጥጥ ላይ ተኝታለች። ባለቤታቸው ምሳ አቀረቡ። አያ አደም ከጉድጓዱ ሳይወጡ ዞር ብለው በሉ፤ ልጆቹ ከበው ተሻሟቸው።

አባቴ እንቅቡን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሦስቱን ጥያቄ ግን አልተወም።

«ሥራዬን እያየኸው ነው» አሉት። «መግባት ያልከው? ወጥቼ መቼ አውቃለሁ! ምሳዬንም አየህልኝ፣ ግማሹን የሚበሉት እነዚህ ናቸው።»

አባቴ እንቅቡን መሬት አስቀመጠ። «ያስተምሩኝ።»

«ማንን?»

«እኔን።»

አያ አደም እጃቸውን አቆሙ። «አንተ ጠመንጃ የያዝክ ሰው ነህ። እኛን ሰው ምን እንደሚለን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ» አለ አባቴ።

የሚባለውን ለማያውቅ ልንገረው። ቁጢት በጣሽ ይባላል ሸማኔ። ልጅ አይድሩለትም፣ ድግስ ላይ በር አጠገብ ያስቀምጡታል። የአገሬ ሰው የሚያለብሰውን ሰው ይንቃል፤ ከዚያ የናቀው ሰው የሠራውን ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ያን ጊዜ ግን እኔም ከናቂዎቹ አንዷ ነበርኩ፤ አልዋሽም።

አባቴ ሁለት ወር አያ አደም ዘንድ ተማረ። የተራራ ሰው ጣት ነውና ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብለው ይስቁበት ነበር አያ አደም፤ ግን ተበጠሰ ብለው አላባረሩትም። በጥቅምት ጠመንጃውን ለመሥሪያ ቤቱ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ። የእናቴን ፈትል ድር አድርጎ እዚያው አያ አደም ቤት አዘጋጀ፤ ትርፍ የሽመና ዕቃቸውንም ሊያውሱት ቃል ገቡለት። የቀረው ጉድጓዱ ነበር። ኅዳር ሲገባ የቤታችንን ወለል በዶማ ይቆፍር ጀመር። እኔንና ስጦታን አስቀምጦ «ጋቢው ወጥቶ እስኪታይ ለሰው አትንገሩ። አያታችሁ በወሬ ከሰሙ ሳይደርስ ይመጣሉ» አለን።

ንገሪ ቢለኝስ መቼ እነግር ነበር! አሥር ዓመቴ ነው፤ አባቴ ከባለጠመንጃ ወርዶ ሸማኔ ሊሆን ነው። ልሞት ደርሼ ነበር።

በዚያው ሳምንት መምህራችን ጋሼ ድረስ ክፍል ውስጥ የአባቶቻችንን ሥራ ጠየቁን። «በአዲሲቱ ኢትዮጵያ ሥራ ሁሉ ክቡር ነው» ብለው ጀመሩ። እየተነሳን ተናገርን። ገበሬ፣ ሹፌር፣ ነጋዴ። የቀጥቃጭ ልጅ ተነሥቶ «ገበሬ» አለ፤ ሁላችን አወቅን፣ ጋሼ ድረስም አወቁ፣ ማንም ምንም አላለም። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ።

«የፓርክ ዘበኛ። ጠመንጃ አለው።»

ከኋላ አንድ ልጅ፣ አባቱ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው፣ ሳቀብኝ። «አስረክቧል! አባቴ ነግሮኛል። አባቷ ሥራ ፈት ነው።»

ሥራ ፈት ሲባል መስማት አልቻልኩም። ሸማኔ ማለትም አልቻልኩም። «ሌላ አለው!» ብዬ ጮህኩ። «ቤታችን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሮታል!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጋሼ ድረስ ፊታቸው ልውጥ አለና «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ሁለት ዓመት አልሞላም መንግሥትን የሚወጋው የኢዲዩ ጦር በዚያ አካባቢ ሲዋጋ ከነበረ፤ ጠመንጃ የደበቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት ልጅም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን ከሸማኔ አባት ጠመንጃ የሸሸገ አባት መረጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት አብዮት ጠባቂዎች አካፋ ይዘው መጡ። ጉድጓዱን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሽመና ጉድጓድ ነው» አለ አባቴ። ሳቁበት። መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ደረሰኝ አሳያቸው።

«ይህ የመንግሥቱ ነው። የተቀበረውን ነው የጠየቅንህ። ልጅህ ራሷ ክፍል ውስጥ ተናግራለች።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ለሰዎቹ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ቆፍራችሁ እዩ» አላቸው።

ቆፈሩ። እስከ ደረታቸው ገቡ። ከድንጋይ በቀር ምንም አልወጣም። «ቦታ ቀይሮታል» አሉና አባቴን ይዘውት ሄዱ። እኔንና ስጦታን አያ አደምና ባለቤታቸው ወሰዱን። እስላሞች ናቸውና ሥጋቸውን ክርስቲያን አይበላውም ብለው፣ አባቴ በታሰረበት ሁለት ቀን ለእኛ ሲሉ ቤቱን ሁሉ ሽሮ አበሉት። እኔ እነዚህን ሰዎች ነበር ያፈርኩባቸው።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት እሜቴ ወርቄ እንዳሉት በቅሎ አስጭነው መጡ። ጎረቤት ነገሩን ነገራቸው፤ ደርበው ጠመንጃ ቀብሮ ታስሯል። እሜቴ ደረታቸውን መቱ፣ ግን ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር በራ። «መቼስ ወንድ ነው» አሉ። ዳቦ ይዘው፣ እኔንም እጄን ይዘው ቀበሌ ሄዱ። አባቴን በመስኮቱ ብረት በኩል አነጋገሩት።

«ጠመንጃ የለኝም እማማ» አለ። «ጉድጓዱ የሽመና ነው። ሸማኔ ሆኛለሁ። እሱ ነው ቤቴ የሚያውለኝ ሥራ።»

የእሜቴን ፊት አልረሳውም። አማቻቸው ሞት ሊፈረድበት ይችላል ሲባል እንዲያ አልሆኑም። «ቀበርኩ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ብረቱ ተጠጉ። «ስማኝ ደርበው። ነገ ስብሰባ ላይ ሲጠይቁህ የእህል ጉድጓድ ነው በል። እህል የማይቀብር የለም፣ ይፈቱሃል። ወደ ተራራህ ትመለሳለህ፤ ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ፤ በዓል በዓል ታያቸዋለህ። ሰው ፊት ሸማኔ ነኝ ካልክ ግን የአበባየሁ ልጆች ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ አንድ ቀን አያድሩም።»

አባቴ ዳቦውን በብረቱ መሀል ተቀበለ። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ በልቤ የእህል በል፣ የእህል በል እል ነበር። እንዲፈቱት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ለስሜም ነበር።

ስብሰባው በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ጓድ አንሙት ወጣት ነው፣ ንግግር ይወዳል፤ መፈክሩን አሰምቶ፣ ስለ አንድነት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ፣ ከዚያ አባቴን አስነሣ። ሰዉ ጥግ ድረስ ሞልቷል። እሜቴ ፊት ተቀምጠው በቀጥታ ያዩታል።

«ጉድጓዱ የምንድን ነው?»

«የእህል ነው! የእህል ነው በል!» አለ ከኋላ አንድ የሚወደው ጎረቤት።

አባቴ ወደ እሜቴ አየ፣ ወደ እኛም አየ። «የእህል አይደለም» አለ። «ስድስት ዓመት የዋልያ ግልገል ስጠብቅ የገዛ ልጄ ፊቴን አላወቀችውም። ሚስቴ ስትሞት አልነበርኩም፣ ሳልቀብራት ቀረሁ። ከእንግዲህ እንዲህ አልኖርም። ጠመንጃዬን አስረክቤ ሸማኔ ሆኛለሁ። ጉድጓዱ የሽመና ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ መሀል ያችን ስድብ ሰማኋት። አባቴ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«የሳቀ ይሳቅ። የሚስቅ ግን ጋቢውን አውልቆ ይሳቅ።»

ኅዳር ነው፣ ደባርቅ ነው፣ ጠዋት ነው። ጋቢውን ያወለቀ አልነበረም። አንዳንዱ እንዲያውም ሳያስበው ሰብሰብ አድርጎ ያዘው። ጓድ አንሙት ራሱ በካኪው ላይ የደረባትን ነጠላ ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና «ሰው ሲዋሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚዋሸው። ራሱን ዝቅ አድርጎ የዋሸ ሰው አላየሁም» አለ። «ቢሆንም ሥራ በሥራ ይታያል። ይሥራና እንየው።»

አዳራሹ ተነሥቶ ወደ ቤታችን ተጓዘ። አያ አደም ዕቃውንና የተዘጋጀውን ድር ተሸክመው መጡ፤ ተከሉት፣ ወጠሩት። አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሰደደ። እግሩ ተንጠለጠለ። መርገጫው የትና የት! አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ፍለጋ ሲቆፍሩ ጉድጓዱን የሰው ቁመት ሊያደርሱት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

«ይህን ያህል አልቆፈርኩም። እነሱ ናቸው ያበላሹብኝ» አለ አባቴ።

አያ አደም ጉድጓዱን አዩና ጢማቸውን ዳሰሱ። «ይህስ ለግመል ሸማኔ ነው» አሉ።

ሰዉ በዚህ ጊዜ የሳቀው ሳቅ ሌላ ነበር። ጓድ አንሙት አብዮት ጠባቂዎቹን «መልሱ!» ብሎ አዘዛቸው። መለሱ። አባቴ እግሩን ዘርግቶ ይለካል፣ «ገና ነው» ይላል፤ አፈር ይጨምራሉ፤ «በዛ» ይላል፤ ያወጣሉ። ጠመንጃ ያነገቱ ሦስት ሰዎች የአባቴን ጉልበት ልክ እያዩ አፈር ሲጠቀጥቁ ቆዩ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚያ አባቴ ሠራ። አሳምሮ አልሠራም። ሁለት ጊዜ ክር በጠሰ፣ አንዴ መወርወሪያው ከእጁ አምልጦ የጓድ አንሙት ጫማ ሥር ወደቀ፤ ጓድ አንሙት አንሥቶ ሰጠው። ግን እየቆየ እጁ ተስተካከለ፤ አንድ ስንዝር ያህል ጨርቅ በሰው ሁሉ ፊት ወጣ። ስጦታ ሳይጠራት መጥታ ጀርባው ላይ ተደገፈች። አልተደበቀችም።

«ሸማኔ ነው። ስብሰባው ተበትኗል» አለ ጓድ አንሙት።

ሰዉ ሲወጣ እሜቴ ወርቄ ገቡ። እስካሁን በሩ ላይ ነበሩ። ስጦታን ሊያነሱ የመጡ መስሎኝ ፊታቸው ቆምኩ። አላዩኝም፤ ጎንበስ ብለው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሹት።

«ይህ የማን ፈትል ነው?»

አባቴ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«የልጄን እጅ አጣዋለሁ? አበባየሁ እንዝርቱን በግራ ነበር የምታሾረው፤ ስመታት አልተወችም። ክሯ ወደ ግራ ይከራል።» እሜቴ ጨርቁን አልለቀቁትም። «ምን ሊሆን ነው?»

«የልጆቿ ጋቢ። እሷ ያሰበችው ነው።»

«ጠርዙ ጠማማ ነው» አሉ እሜቴ።

«ጠርዙ ይቃናል እማማ። ልጆቹ ግን አይሄዱም።»

እሜቴ ቀና ብለው አዩት። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። መደቡ ላይ ተቀመጡና፣ ስጦታ ቀሰሙን አወላግዳ ስታጠነጥን አይተው፣ «ነይ ወዲህ! እናትሽ ለዚህ ነው የፈተለችው?» ብለው ቀሙአት። ራሳቸው አጠነጠኑ። አምስት ቀን ቆዩ፤ የአባቴን ክር ሲበጠስ እየተሳደቡ ቀጠሉለት። በስድስተኛው ቀን በቅሏቸውን ባዶዋን እየነዱ ዳባት ገቡ። እስኪሞቱ ሸማኔ የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አላወጧትም፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «አማቼ ደባርቅ ሥራ አለው» ይሉ ነበር። እኔ አልፈረድኩባቸውም። እኔም እሷን ቃል ገና አላወጣኋትም ነበርና።

በታኅሣሥ ጋሼ ድረስ የእያንዳንዳችንን ካርድ ይሞሉ ጀመር። ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ሥራ። አዲሱን ጋቢዬን ለብሼ ተነሣሁ፤ ጠርዙ አልቃናም፣ አንዱ ጎን እንደ ሊማሊሞ መንገድ ይጠመዘዛል። ጋሼ ድረስ ደግ ሰው ነበሩ። አላስጨነቁኝም፤ ብዕራቸውን አዘንብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ገበሬ ልበለው ደብረወርቅ?» አሉኝ።

«አይበሉት ጋሼ። ሸማኔ ነው።»

«እህ?»

«ሸማኔ። የሽመና ሥራ ነው የሚሠራው።»

ከኋላዬ ያ የአብዮት ጠባቂው ልጅ ያችን ስድብ ወረወራት፣ ክፍሉም ሳቀ። አልዞርኩም። ጋሼ ድረስ እስኪጽፉት ድረስ ቆሜ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አየሁት። የቀጥቃጩ ልጅ አጠገቤ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ምን እንዳለ ግን የእሱ ነገር ነው፣ እኔ አልጽፈውም።

የምሳ ደወል ሲደወል ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ ቤት ነበር።